ሁለት የግራ እጅጌ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «ብረቷ» ይላታል። ቢከፋትም ብትናደድም «ምንም አልሆንኩም» ብላ ሥራዋ ላይ ትደፋለቻ! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷን ግን ዝምታዋ ከውስጥ ሲበላት ሰንብቷል።

ሰኞ ዕለት እናቷ፣ «ከእሁድ ጀምሮ ታናሽሽ ዘንድ ልኖር ነው፤ መውለጃዋ ደርሷል» ስትላት፣ «ጥሩ ነው» አለች። ጥሩ! አስራ አንድ ዓመት ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው የኖሩ ሰዎች!

ቅዳሜ የደንበኛ ካፖርት ይዛ ትታገላለች። ክሩ ሦስቴ ተበጠሰ፣ መርፌው ተሰበረ፤ ደሟ ፈላ። ጥርሷን ነክሳ እጅጌውን ቆረጠች። ለሁለተኛው ጨርቁን መገልበጥ ነበረባት፤ አልገለበጠችም። ሁለቱም የግራ ሆኑ። ትራፊ ጨርቅ ደግሞ የለም።

እናቷ ገብታ እጅጌዎቹን ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ሰውዬው ቀኝ እጁን የት ጣለው?»

«እማዬ፣ አትቀልጂብኝ!»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አል…» አልወጣላትም። «ሆድ ብሶኛል። ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው፣ እኔ ጅሏ ደግሞ ጥሩ ነው አልኩሽ። እህቴንም ጠላኋት። እርጉዝ ሴት ይጠላል? እኔ ግን ጠላኋት!»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሳምንቱን ሙሉ ‹አትሂጂ› እስክትይኝ ጠበቅኩ።»

«ብልሽ ትቀሪያለሽ?»

«አልቀርም።»

«ታዲያ ምን ይፈይድልሻል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ደስ ብሎሽ የምትሸኚኝ መስሎኝ እኮ ሻንጣዬን መዝጋት አቃተኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ቀለል አላላትም፤ ባሰባት እንጂ። እንባዋ መጣ፣ አፈረች፣ ማፈሯም አናደዳት። እንደ ልማዷ እጇን ወደ መቀሱ ሰደደች። እናቷ ያዘቻት።

«ተዪው። ሥራው የትም አይሄድም፤ የምሄደው እኔ ነኝ። እዚሁ እያለሁ ተቆጪኝ።»

ብረቷ መቆጣት የት እንደሚጀመር አታውቅም ነበር። ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ነገር» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «መሄድሽን ቀድመሽ የነገርሽው ለእህቴ ነው።»