ጥሩንባው ለሁሉም

የባምባሲ ወጣቶች የንባብ ማኅበር ቤቱ የማንጎ ዛፍ ጥላ ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ አሶሳ ያሉት ቢሮዎች እንኳ ወንበር ይዋዋሱ ስለነበር ማንጎውን የሚንቅ አልነበረም። ችግሩ ክረምቱ ነው። ዝናብ ሲጀምር ማኅበሩ ይበተናል፤ ያኔ ዓዲላ ከአክስቶቿ ጋር ወንዝ ወርዳ ወርቅ ከማጠብ በቀር የምትሄድበት የላትም።

ትምህርት ቤቱንማ ድሮ ትታዋለች። የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለም። አንድ ቀን ወንዱን መምህር «መጣች» ብላ ክፍሉ ሲስቅባት፣ ደብተሯን ታቅፋ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ማንጎው ሥር ግን የሚስቅባት አልነበረም። ማኅበሩን ያሰበችውም፣ ልጆቹን ከየቤታቸው የለቀመችውም እሷ ናት።

ለወጣቶች ማኅበራት ድጋፍ ይሰጣል የሚል ወሬ ከአሶሳ ሲመጣ ቆርቆሮና አግዳሚ ወንበር ለመጠየቅ ተስማሙ። ማን ይናገር? ሲባል ሁሉም ዞሮ ያየው ወንድምአገኝን ነው። ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ዓዲላም እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ግን ራሷን አናደዳት።

በአይሱዙ ተጭነው አሶሳ ገቡ። ኮሚቴው ፊት ወንድምአገኝ ተናገረ፤ ኧረ እንዴት ተናገረ! ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መነን ጨርሰው ሰሙትና፣

«ጎበዝ ነህ፣ ልጄ። አንተስ ድጋፍም አያስፈልግህ» አሉት። «እነዚህ ሁሉ አፍ የላቸውም? ድጋፉ እኮ የመጣው እነሱ አፋቸውን እንዲፈቱ ነው።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ቆርቆሮም አይገባም። ወይዘሮ መነን የሚቀጥለውን ማኅበር ሊያስጠሩ ወደ በሩ ዞሩ።

ዓዲላ ደሟ ፈላ። አባቷ በአዝመራ ጊዜ የቅል ጥሩንባ ከሚነፉት አንዱ ነው። እያንዳንዱ ጥሩንባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። ይህን እያወቁ ጥሩንባውን ሁሉ ለአንድ አፍ ሰጥተው መጡ! ምን ዓይነት ጅልነት ነው?

ብድግ አለች።

«እኔ ዓዲላ። ማኅበሩን እኔ ጀመረ።»

ከኮሚቴው ጥግ የተቀመጠ ሰውዬ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። በሩ ቅርብ ነበር።

«ይሳቁ» አለችው። «ድሮ ሲስቁ ወጣሁ። ዛሬ አልወጣም።»

ከዚያ ወደ ጓደኞቿ ዞራ በበርታኛ፣ «እንደ ጥሩንባው! እያንዳንዱ የራሱን!» አለች።

ኻሚስ ተነሣ። «እኔ ኻሚስ። ስሜ መጻፍ አላውቅም ነበር። አሁን የእናቴ መድኃኒት ላይ ያለውን ያነባል።»

ጀዕፈር ቀጠለ። «እኔ ጀዕፈር። ሰው በጣም ፈራ ነበር።» ወደ ኮሚቴው አየ። «አሁንም ፈራ። ግን ይኸው ቆመ።»

ቤቱ ሳቀ፤ ጀዕፈርም አብሮ ሳቀ። ሌሎቹም በየተራ እየተነሡ የየራሳቸውን አሉ። በመጨረሻ ወንድምአገኝ ተመልሶ ቆመና፣ «እኔ ደግሞ ከነሱ በርታኛ እየተማርኩ ነው። ስሳሳት የሚታገሡኝ እነሱ ናቸው» አለ። እንዲህ አጭር ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ወይዘሮ መነን ዓዲላን አዩዋት።

«ቆርቆሮው መቼ ይድረስላችሁ?»

«ከዝናቡ በፊት።»

ደረሰ። ሰኔ ሲገባ ከማንጎው አጠገብ በተሠራችው ክፍል ውስጥ ዓዲላ ለአዲስ ገቢዎች ስታነብ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ወንድምአገኝ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣

«አይሰማም፣ ዓዲላ! ጮክ በይ!» አለ።

ጮክ አለች።