የተቆረጠው ሳቅ

መሥሪያ ቤት «መጥረጊያ» ይሉኛል። ሥራዬ የድሮ ሙዚቃ ማጽዳት ነው፤ ኮሽታውን፣ ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥታ ጠርጌ አወጣለሁ። ቅጽል ስሙን እወደው ነበር። እንደኔ ጆሮ ያለው የት ይገኛል እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ጉረኛ ነበርኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ደንበኛዬ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። በወጣትነታቸው አንድ አልበም ቀዱ፤ አሳታሚው ከሰረና ሳይታተም ቀረ፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖሩ። በቅርቡ አንዱን ዘፈን ከራዲዮ ጣቢያ መጋዘን ያገኙ ወጣቶች አበዱለት። «ሙሉ አልበሙ የታለ?» ሲባል፣ ጋሼ የቀረችውን አንዲት የቴፕ ክር በሟች ሚስታቸው ሻርፕ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

«አደራ ልጄ፣ ሌላ የለኝም።»

«እኔ እያለሁ ምን ያሳስብዎታል ጋሼ» አልኳቸው። አይ አፌ።

ክሩ በጣም አርጅቶ ነበር። አንዴ ተጫወተልኝና ቡናማ ትቢያው ተራግፎ ማሽኑ ላይ ቀረ፤ ከእንግዲህ አይሰማም። ደግነቱ ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። የሥራችን ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ያልተነካውን ጥሬ ቅጂ ለብቻው ሳታስቀምጥ መቁረጥ አትጀምር። አለቃዬ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ» ይለኛል፤ እኔም እጄን አምናለሁ፤ ቀጥታ ዋናው ላይ ቆራረጥኩት። ሦስተኛው ዘፈን መሀል ላይ የጋሼ ጣት ይሳሳትና ያቆማሉ፤ ከጥግ አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ስሕተቱን፣ ዝምታውን፣ ሳቁን በአንድ ላይ ቆርጬ ጣልኩና ጫፍና ጫፉን ገጠምኩት። ስፌቱ የት እንዳለ እኔ ራሴ አላገኘውም። ሴቭ አድርጌ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

አልበሙ ታትሞ ወጣ። ወሬው ሁሉ የጋሼ ሆነ፤ ለድምፁ ጥራት እኔም ተጨበጨበልኝ። በማግስቱ ጋሼ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ክፍሌ መጡና ሦስተኛውን ዘፈን እንዳሰማቸው ለመኑኝ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሳቋስ?» አሉኝ።

«የምን ሳቅ ጋሼ?»

«የባለቤቴ ናታ። ስሳሳት ሳቀችብኝ እኮ። ልጃችንን ስትወልድ ነው ያረፈችው፤ ልጅቷ የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ክሩን የሚያጫውት ማሽን ከየት ላምጣ? ይህን ሁሉ ያሯሯጠኝ ዝና መሰለሽ?»

ክው አልኩ። «ቆርጬ ጣልኩት» ማለት ምን ያህል ከባድ ነገር ነው? ምላሴ ታሰረ። ምነው እንደታሰረ በቀረ። ተፈታና «ጥሬው ላይ አለ፣ አውጥቼ እሰጥዎታለሁ» አለ።

ከዚያማ ጉዴ ፈላ። ጥሬ የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩን ገለባበጥኩት፤ የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል? በመጨረሻ በሩን ቆልፌ ማይክሮፎን ፊት ቆምኩና ሳቅኩ። ሳቅ በትእዛዝ አይመጣም ለካ፤ መጀመሪያ የወጣኝ ሳል ነበር፣ ቀጥሎ ለቅሶ። እንደምንም አንዲት አጭር ሳቅ አገኘሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርገው የኖርኩትን የክር ሹክሹክታ መልሼ ረጨሁባት፤ ከዚያው አኮርዲዮን ድምፅ ለቃቅሜ ስሕተቱንና ዝምታውንም ሠራሁና ዘፈኑ መሀል ወሸቅኳት። ያን ቀን እህል ከአፌ አልገባም።

ጋሼ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከሥራዋ ነው የመጣችው። አሰማኋቸው። እሳቸው የአውቶቡስ ሞተር ጆሯቸውን በልቶታል፤ ደግሞም ማመን ፈልገዋል። «እሷ ናት» አሉና በመሐረብ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ልጅቷ ግን ፈገግ አለች። «አባዬ፣ እኔን ትመስላለች እኮ። ልክ እንደኔ ነው የምትስቀው።» ወደኔ ዞራ እጄን ያዘችኝ። «እህቴ፣ እናቴን ሰጠሽኝ። ምን ልክፈልሽ?»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሁለቱም ፊቴ ተቀምጠዋል፣ በሩ ተዘግቷል፣ አለቃዬ የለም። «ኧረ ምንም፣ ሥራዬ ነው» አልኳት። «ስልኬ ላይ ላኪልኝ» አለች፣ ላክሁላት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደኝ። አሁን አንዲት ትንሽ ኮሽታ ስሰማ እንኳ መቁረጫውን ለመንካት እጄ ይፈራል፤ አለቃዬ «መጥረጊያዬ አረጀች» እያለ ያሾፍብኛል። ዛሬ በቃኝ አልኩ። ጋሼን አስቀድሜ ብነግራቸው ልባቸው ትቆማለች ብዬ ፈራሁና ለልጅቷ ልናዘዝ ወሰንኩ። የምለውን ሁሉ አሰናዳሁ፤ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ፣ የእናትሽን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ቁጥሯን ደወልኩ።

ለካ የጥሪ ማሳመሪያ አድርጋዋለች። መደበኛው ጥሪ ቀርቶ አኮርዲዮኑ ገባ፣ ተሳሳተ፣ ዝም አለ። ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ እኔው በራሴ ላይ ሳቅኩ። እሷ ሳታነሳው ዘጋሁት።

ወዲያው መልሳ ደወለች። «እህቴ፣ ደውለሽ ነበር? ሰማሻት አይደል?» አለችኝ በደስታ።

«ሰማኋት» አልኳት።