ባለጋቢው ማን ሞተበት?

አክሊል ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች የጥለት ንድፍ እየሠራ የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው። ባለጋቢውን የፈጠረውም ጨዋነቱ አንገብግቦት ነው። አንድ ቀን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ዘው ብሎ ከፊቱ ገባ። አክሊል ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። ቤቱ ሲገባ ግን እርሳስ አነሣና ጋቢ የተከናነበ አንድ ጠብደል ሣለ፤ ጠብደሉም ያንን ሰውዬ በክር ጠፍሮ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ላይ አንጠለጠለው። እፎይ!

ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ሰብሮ የሚገባውን ሁሉ ማደን ሆነ የባለጋቢው ሥራ። ፖሊስ አይጠራ፣ ሽማግሌ አይልክ። አንዱን ደላላማ የሐበሻ ቀሚስ አልብሶ እንደ አሻንጉሊት ሱቅ በር ላይ ገተረው!

ሥዕሉን በየሳምንቱ እያባዛች የምታከፋፍለው ጳውሎስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ረይሃና ናት። አንድ ቀን ፊቷን አጨፈገገች።

«አክሊሌ፣ ሰዉ ይስቅና ይጥለዋል። ትናንት ቆሎ ሲጠቀለልበት አየሁ።»

«ቆሎ?»

«ወላሂ! ሰውዬህ ዝም ብሎ ጉልቤ ነው። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንጨረጨረው? ታሪክ የለውማ! አንድ የመጨረሻ አወጣልሃለሁ። እሱም ቆሎ ከተጠቀለለበት በቃ፣ ባለጋቢውን እንቀብረዋለን።»

አክሊል ለባለጋቢው ታሪክ ቢፈልግ ቢፈልግ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ «ከሞተም አምሮበት ይሙት!» ብሎ ለጋቢው በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቅ ጥለት ሠራለት። ችግሩ፣ የረይሃና ማሽን የገጹን ግርጌ ይቆርጣል፤ እግሩ ሲቆረጥ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጋቢውን ገለበጠና ጥለቱን ከአገጩ ሥር አዋለው። ጥለት ወደ ላይ የሚወጣው ለሐዘን መሆኑን፣ እናንተዬ፣ ያ የጥለት ሰው በደስታ ብዛት ረሳው!

ሥዕሉ በወጣ ማግስት የአክሊል በር ተንኳኳ። የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ እማማ የዓለምወርቅ ንፍሮ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሸማኔዎች፣ ከሸማኔዎቹ ኋላ ባለሱቁ ኢምራን፣ ከሁሉም ኋላ ረይሃና።

«እማማ፣ ማን ሞተ?» አለ አክሊል ደንግጦ።

«እሱንማ አንተን ልንጠይቅ መጣን! ባለጋቢው ጋቢውን አዘቅዝቆ የለም እንዴ? ምነው የሰው ልጅ እንዲህ ብቻውን ያዝናል?»

አክሊል ሥዕሉን አየ፤ ክው አለ። ረይሃና አፏን በሻሿ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ በሳቅ ይሁን በድንጋጤ አይለይም። «ተሳስቼ ነው» ቢል ባለጋቢው እዚያው አለቀለት፣ የቆሎ መጠቅለያ ሆነ።

«እጮኛው ትሆናለች» አለ ኢምራን ንፍሮውን እየዘገነ።

«ዝም በል አንተ! እንዲህ የሚያከፋ የእናት ሞት ነው» አሉ እማማ። «መድኃኒት ቤት ሰልፍ ይዛለች። ደክሟታል። ዘመድ ያለው አንዱ ከፊቷ ገባ። ሌላውም ገባ። ሰው ሁሉ አየ፣ ዝም አለ። ተራዋ ሳይደርስ...»

ባለጋቢው ያን ሁሉ ሰው ለምን ሲያንጠለጥል እንደኖረ አክሊል ራሱ ገና አሁን ገባው።

«አዎ እማማ» አለ ቀስ ብሎ። «እናቱ ናት።»

«ነፍስ ይማር!» አሉ ሸማኔዎቹ። «አላህ ይዘንላት» አለ ኢምራን፣ ንፍሮው እጁ ላይ ቀርቶ።

እማማ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እንግዲህ ስማኝ ልጄ። ሥራው ጥሩ አይደለም፣ አውቃለሁ። የነፍስ አባቴ ቢሰሙኝም ይቆጡኛል። ግን አርባዋ ሳይወጣ አንድም ሰው እንዳይምር!»

ለቀስተኛው በሳቅ ፈረሰ።

በሳምንቱ የረይሃና በር ላይ የነበረው ሰልፍ አስፋልት ደረሰ። እማማ የዓለምወርቅ ታዲያ ቀስ ብለው በጎን ሹልክ ሲሉ፣ ከመሀል አንዷ ጮኸች፦

«እማማ! ባለጋቢው ያይዎታል!»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎትተው፣ እየተፍለቀለቁ ወደ ሰልፉ ጭራ ሮጡ። ከፊት ተሸጉጦ የነበረ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬም፣ ማንም ሳይናገረው፣ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፎች አሻቅቦ አየና ተከተላቸው።