አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የቀራት ሴሊካ

ሰማንያ አምስት ሺህ!

አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና መልሰው አጠለቁት። ያው ነው። የመኪናቸው የሴሊካዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሰማንያ አምስት ሺህ ይላል። ረቡዕ ዕለት ልጃቸው ሉቃስ «መስታወቱ ደብዝዟል፣ አስወልውዬ ላምጣልህ» ብሎ ፈቶ ሲወስደው ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ነበር። አራት መቶ ሺህ ሊሞላ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ!

«ፈለቀች! ኧረ ነይ እዪልኝ ይህን ጉድ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህቺን ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አቶ መኩሪያ የገዟት የስልክ መስመር ጠጋኝ ሆነው በላጤነት ሲኖሩ ነው፤ ያኔ ዘጠና አንድ ሺህ ሄዳለች። ወይዘሮ ፈለቀችን ከሆሳዕና ሙሽራ አድርገው ያመጡት በእሷ ነው። ሁለት መቶ ሺህ የሞላችው ሞጆ መንገድ ላይ ነበር። ዳር ይዘው አቁመው ዜሮዎቹን አብረው አዩ፣ ወይዘሮ ፈለቀችም አጨበጨቡ። ሦስት መቶ ሺህ ላይም እንዲሁ ሆነ። «አራት መቶውንም አብረን ነው የምናየው» ተባባሉ። ከዚያማ ምን ዋጋ አለው፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀራት ሞተሩ ቀጥ አለ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጎሮ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ቆመች። ጎረቤት «ለቁራሌው ስጧት እንጂ!» እያለ ሲስቅባቸው ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉ። ጡረታ በወጡ ማግስት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሞተሩን አወረዱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀየሩ፣ የዛገውን ቆርቆሮ በገዛ እጃቸው ፍቀው ቀቡ። ወይዘሮ ፈለቀች እንኳ የልብስ ሳፋቸውን ለብሎን ማጠቢያ አስረክበዋል። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ለፍተው ሐሙስ ዕለት ሞተሩ ተነሳ። ትናንት ሉቃስ ቆጣሪውን መልሶ ገጠመው። ዛሬ ቅዳሜ ደግሞ ያቺን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊነዱ ነበር።

ወይዘሮ ፈለቀች መጥተው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡ። «በኢየሱስ ስም! ሦስት መቶውን ምን በላው?»

«ልጅሽ!»

ሉቃስ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ መኪና መሸጫ ነው የሚሠራው። ስልኩን እየነካካ፣ ፈገግ ብሎ ከቤት ወጣ።

«አየኸው አባዬ? ሰርፕራይዝ ነው! እኛ ጋ ያለው ቴክኒሻን ነው የሠራልኝ። አሁን ማንም ቢያያት ፍሬሽ ናት።»

«ማን ቀንስልኝ አለህ?»

«አራት መቶ ሺህ እኮ ያሳፍራል። እኛ ጋ ሳይቀነስለት የሚቆም መኪና የለም፣ ኖርማል ነው።»

«ኖርማል?» የአቶ መኩሪያ ደም ፈላ። «ሌብነት ከመቼ ወዲህ ነው ኖርማል የሆነው?»

«እሺ በቃ፣ አትናደድ። አራት መቶ ሺህ ላይ አስደርግልሃለሁ። እንዲያውም መንዳትም አያስፈልግህም።»

ይሄ ደግሞ ባሰ! አንድ ዓመት ከስምንት ወር ወገባቸው እስኪቆረጥ ከመኪና ሥር የተኙት ለዚህ ነው? ሰውየው ግን አልጮሁም። በሩን ከፈቱለት።

«ግባና ቁጥሩን አንብብልኝ።»

«ሰማንያ አምስት ሺህ።»

«እዚህ ቁጥር ላይ መኪናዋ የእኔ አይደለችም። እናትህን አላውቃትም። አንተ ተወልደህ ከሆስፒታል ተጠቅልለህ የመጣኸው መቶ ሃያ ስምንት ሺህ ላይ ነው። ሰማንያ አምስት ሺህ ላይ አንተ የለህም! ማንን እንደፋቅህ ገብቶሃል?»

ሉቃስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «መፍቻውን አቀብለኝ» አለ።

ቆጣሪውን ፈትቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲመልስ ረፋዱ አለፈ። እናቱ ከአጠገቡ አልተነሱም። «መጨረሻው ሰማንያ ስምንት ነው! አንዲት እንዳትጨምር!»

ከጎሮ ወጡ። ሉቃስን ከኋላ ወንበር አስገቡት፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሷል። በሰሚት ዞረው ወደ ቦሌ ወረዱ። መድኃኔዓለም አጠገብ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ሲንፏቀቅ፣ ዘጠኞቹ አንድ ላይ ተገለበጡ። አራት መቶ ሺህ! ወይዘሮ ፈለቀች መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። አቶ መኩሪያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቁጣቸው ግን አልበረደም፤ ቀና ሲሉ ሉቃስ የሚሠራበት መሸጫ ፊት ለፊታቸው ነው። መኪኖቹ ታጥበው ተደርድረዋል። አቶ መኩሪያ ፍሬን ረግጠው ቆሙ።

«ያ ነጩ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው?»

«ስልሳ ሺህ» አለ ሉቃስ ቀስ ብሎ።

«እውነቱስ?»

ሉቃስ ፊቱን ከመሸጫው አዞረ።

«ሰው ልጆቹን ጭኖ ይነዳዋል እኮ! ገና አዲስ ነው ብሎ አምኖ! ሰኞ ሥራ ስትገባ ምን ልታደርግ ነው?»

«አባዬ፣ መንገድ ዘግተናል...»

ከኋላ ሚኒባሶቹ ጡሩንባቸውን አቀለጡት። አቶ መኩሪያ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ነቅለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«መልሱን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም።»

ወይዘሮ ፈለቀች ወደ ኋላ ዞረው ልጃቸውን አዩት።

«እኔም የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም» አሉ።