የሰብለ እናት

እናኑ አዲሱን የሕፃን ጫማ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ደጋግማ ፈተገችው። ከገበያ ያመጣችው ትናንት ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ገና የላስቲክ ሽታው ያለቀቀው። የአፍንጫው ቀለም ተልጦ ነጩ ብቅ ሲል ቆም አለች። የሁለት ዓመት ልጅ ጫማዋን የምትጨርሰው ከፊት ነው ወይስ ከተረከዝ? ስልኳ ውስጥ ያሉት ሴቶች ስለ ጥርስ፣ ስለ ትኩሳት፣ ጡት ስለ ማስጣል ሁሉንም ነግረዋታል፤ ይህን ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ሁለቱንም በኩል ፈተገች።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ ቀሚሶችን በሳሙና አሽታ፣ አዲስነታቸው እስኪለቅ ጨምቃ፣ ገመድ ላይ አሰጣቻቸው። የቤቱ ባለቤት እትየ እህተ ማርያም ከቅዳሴ ሲመለሱ ገመዱ ሥር ቆሙ።

«ይኸ ደግሞ የማን ነው?»

«የእኅቴ ልጅ ትመጣለች፣ እትየ።»

«እሰይ! ይኸ ግቢ የልጅ ለቅሶ ይስማ እስቲ። አንች እንደሁ እንደ መነኩሲት ድምጥሽ አይሰማ!» እየሳቁ አለፉ።

እናኑ ጫማውን ከበሩ አጠገብ፣ አንዱን ወደ ጎን ዘመም አድርጋ አስቀመጠችው። ስልኳ ውስጥ ካሉት ሴቶች አንዷ፣ ሀብትነሽ፣ ከቡሬ ትመጣለች። አራስ ልጇን ለሐኪም ልታሳይ ፍኖተ ሰላም እንደምትወርድና እግረ መንገዷን ጎራ እንደምትል የነገረቻት ትናንት ነበር። «ሰብለን ሳልስማት አልመለስም» ብላለች።

ቴሌግራም ላይ «የእናቶች ጓዳ» የተባለውን ቡድን እናኑ የተቀላቀለችው ደምበጫ ሳለች፣ ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ባሏ መልካሙ በስድስተኛ ወሯ መንገድ ላይ ሲሞትባት፣ ዓይኗን አይተው የማያውቁ ሴቶች በድምፅ መልእክት አብረዋት አለቀሱ። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ጠፋ። ከወራት በኋላ ሲመለስ የሴቶቹ መልእክት ተከታትሎ ገባ። «ማርያም ማረችሽ?» «ተገላገልሽ ወይ?» «ምን ወለድሽ?»

ያን ጊዜ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ለብሳ፣ የሰብል ምርት ሪፖርት ከፊቷ ተዘርግቶ ተቀምጣ ነበር። ጣቷ «ሴት» ብሎ ጻፈ። የልጅቱን ስም ሲጠይቋት ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። «ሰብለ» አለች። በስልኩ ውስጥ እልልታ ሆነ። እሷም እልልታውን ደጋግማ ሰማችው።

በማግስቱ እውነቱን ልትነግራቸው አስባ ነበር። በማግስቱ ግን ልጅቱ ጡት በደንብ ትይዝ እንደሆነ ጠየቋት። ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረች፤ ልጅቱም አብራት መጣች፣ ዳኸች፣ ጥርስ አበቀለች። ፎቶ ሲጠይቋት «አያቷ የሰው ዓይን ይፈራሉ» ትላለች፤ በዚህ የሚከራከራት አልነበረም። በቢሮ «ባለሙያዋ» ናት፣ በሰፈር «የግብርናዋ ሴትዮ»። ስልኳን ስትከፍት ብቻ የሰብለ እናት ትሆናለች።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ሀብትነሽ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች ገባች።

«የሰብለ እናት! ኧረ አንች፣ በድምጥሽ ወፍራም ትመስይኝ ነበር!»

«አንችም ረጅም።»

ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ሀብትነሽ ጓዳውን ባሻገር እያየች፣ «የታለች ልጄ?» አለች።

«አዴት ናት። እናቴ ድንገት መጥታ ወሰደቻት።»

«ውይ፣ እኔን! ጫማዋንስ? በባዶ እግሯ ነው የሄደችው?»

«ሌላ አላት» አለች እናኑ።

ያዘጋጀችውን አጥሚት ቀዳችላት። ሀብትነሽ ሁለት እጇን ነፃ ለማድረግ ሕፃኗን እናኑ ጭን ላይ አኖረቻት። ልጅቱ ከምትጠብቀው በላይ ከባድ፣ ከምትጠብቀው በላይ ሞቃት ነበረች።

«አለነገር አልመጣሁም» አለች ሀብትነሽ፣ አጥሚቱን እያማሰለች። «የክርስትና እናቷ አንች ሁኝልኝ። ባሌ ‹አይተሻት የማታውቂያትን ሴት?› አለኝ። አሁን እሱ ባል ተብሎ! ‹ከእኅቶቼ ይልቅ አውቃታለሁ› አልኩት።»

«እሺ» አለች እናኑ። ቃሉ ሳታስበው ነበር የወጣው። ዕድሜ ልኳን በቤተ ክርስቲያን ሕግ የእሷም የምትሆን፣ ገላ ያላት፣ የምትተነፍስ ልጅ። «እሺ፣ ነጭ ልብሷን እኔ እገዛለሁ።»

«ድግሱ ነው ጭንቄ። አንች ለሰብለ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?»

«ቀድሜ ነዋ የጀመርኩት። አርባው ሳይደርስ ጌሾውን አስወቅጬ፣ ጠላውን ጠምቄ…»

ማንኪያው ቆመ።

«የምን አርባ?»

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ አርባ የወንድ ነው። ይህን ለማወቅ መውለድ አያሻም፤ ደጅ የሚጫወት ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። «ተሳሳትኩ» ቢሉ የሚያልፍ ነገር ነበር፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሕፃኗ ግን በእንቅልፏ ተንጠራርታ የእናኑን አውራ ጣት ያዘች።

«ወንድ ነበር» አለች እናኑ።

«ማን?»

«የወለድኩት።»

ሀብትነሽ አጥሚቱን መሬት አኖረች። «ሰብለስ?»

እናኑ ራሷን ነቀነቀች። «አርባው ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማለዳ ላጠባው ባነሳው… ቀዝቅዟል። ጠላው ደርሶ ነበር። ለቀስተኛ ጠጣው። ክርስትና አልተነሳምና ፍትሐት አልተደረገለትም።»

ሀብትነሽ ተነሥታ ልጇን ከጭኗ ወሰደች። የሕፃኗን ፊት በነጠላው ሸፈነችው፤ እናኑም አየቻት። የእናኑ ክንዶች እንደታቀፉ ቀሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ!» አለች ሀብትነሽ። «ትልቋ ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል፣ ‹ሰብለም አሟታል፣ አብረን እንንቃ› ብለሽ ከእኔ ጋ ያደርሽው?»

«ብቻሽን እንዳትሆኝ ብዬ።»

«ለእኔ ብለሽ ነዋ!»

«ለእኔም። እባክሽ ሀብቴ… ከቡድኑ አታስወጡኝ። ሌላ የትም እናት ተብዬ አልጠራም።»

የሀብትነሽ ስልክ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ከቡድኑ ነበር። «ተገናኛችሁ ወይ?» «ሁለቱን እናቶች ፎቶ ላኩልን!» «የሰብለን ድምጥ አሰሙን እንጂ!»

ሀብትነሽ ስክሪኑን አየች። ከዚያ ልጇን በአንድ ክንዷ እንደያዘች አውራ ጣቷን የድምፅ መቅጃው ላይ ተጫነች።

«እኅቶቼ» አለች። «ደርሻለሁ። ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ እናኑ ቤት…»

እዚህ ላይ ቆመች። በነጠላው ሥር ሕፃኗ ነቅታ፣ ርቧት፣ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶው ቤቱን ሞላው። ሀብትነሽ አላባበለቻትም፤ ንግግሯንም አልቀጠለችም። ዓይኗን ከእናኑ ላይ ሳትነቅል፣ አውራ ጣቷን ሳታነሳ ቆመች። መቅጃው ለቅሶውን መቅዳቱን ቀጠለ፤ እንዲህ እንዳለ ጣቷ ከተነሣ ለሴቶቹ የሚደርሰው የሰብለ ድምፅ ነው፤ እናኑም ያቺን አውራ ጣት ታያለች።