የይገዙ አሟሟት

አብራር ኑሪ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሚስት አላገባም፣ መንጃ ፈቃድም አላወጣም፤ አንድ ነገር ግን ሆኗል፣ ዳኛ። ፍርድ ቤት እንዳይመስላችሁ። አዲሱ ገበያ ከሚገኘው የአባቱ የብርድ ልብስና የምንጣፍ ሱቅ ጀርባ ባለችው መጋዘን ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዎችን የሚዳኝ ዳኛ ነው። ቀድሞ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው የት እንደገባ ኋላ እንደርስበታለን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ጀግና ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፣ ጉልበቱን በቁጥር ይጽፋል፣ በእሱ አፍ ይናገራል። ዳኛው ደግሞ ሽፍታውንም ዘንዶውንም ሆኖ ይገጥማቸዋል። ማን እንደተመታና ማን እንደሳተ ዳይስ በሚሉት ባለ ነጥብ ጠጠር ይለያል። ሕጉ ያለው አብራር ጳውሎስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ ባስጠረዘው ባለ ሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

መጽሐፉ ብዙ ያወራል፤ ውጊያው ሲጦፍ ግን ዝም የሚልበት ቦታ አለ። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋሻ ሲያነሳ ጋሻው በቅሎዋንም ይሸፍናል ወይ? መጽሐፉ አይናገርም። አብራር እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወደው ይህንን ዝምታ ነው። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መነጽሩን፣ ያለ እሱ ምንም አይታየውም፣ ያወልቃል፣ ከዚያ ይፈርዳል። ፍርዱንም ተራ ቁጥር እየሰጠ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ላይ ያሰፍራል። የበቅሎዋ ጉዳይ ውሳኔ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው። ሁለት ሰዓት ክርክር ፈጅቷል፤ በቅሎዋም እስከዚያው ሞታለች።

ይህ ታሪክ በሚጀምርበት ቅዳሜ የወደቀችው የኢየሩ ጀግና ሚልካ ነበረች። ኢየሩ ነርስ ናት፤ ሚልካን ሁለት ዓመት ሙሉ ከተራ ወታደርነት አንስታ የጦር አለቃ አድርሳታለች። አንድ ሽፍታ ከኋላ መታትና ጉልበቷ ዜሮ ገባ። በሕጉ መሠረት ራሷን ስታ ትወድቃለች፤ ሦስት ዙር ሳይሞላ ካልተረዳች ትሞታለች።

"እኔ ጋ መድኃኒት አለ" አለ ዱጉማ፣ ሌላው ተጫዋች፤ የሒሳብ አስተማሪ ነው። "ብልቃጡን ከፍቼ አፏ ውስጥ አፈስላታለሁ።"

መጽሐፉ 'መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ጉልበቱ ይመለስለታል' ይላል። ራሱን የሳተ ሰው መጠጣት ይችል እንደሆነ ግን አንድም ቃል የለውም። አብራር መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ዱጉማ ቀደመው።

"ይሄ ነገር ተወስኖ የለም እንዴ? ደብተርህን እየው።"

ተወስኗል። ውሳኔ ቁጥር አርባ ሰባት፣ በራሱ በአብራር ቆንጆ እጅ ጽሑፍ፣ "ራሱን የሳተ ሰው አይጠጣም" ይላል። በዚህ ውሳኔ የሞተው የቤዛብሕ ጀግና ይገዙ ነበር። ቤዛብሕ ያ ሦስተኛው ተጫዋች ነው። የዚያን ቀን "ችግር የለም" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሁሉንም ተሰናብቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

"ያኔ እኮ አንቺ ነሽ የመሰከርሽው" አላት ዱጉማ ኢየሩን። "ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ፈሳሽ ከገባ ይታነቃል አልሽ።"

"ያኔ ስለ ሆስፒታል ነው ያወራሁት። ይሄ ጨዋታ ነው" አለች፣ ፊቷ እየቀላ። ከዚያ ወደ አብራር ዞረች። "ብቻ ሚልካ ከሞተች እኔም በቃኝ። ከእንደገና ከተራ ወታደር የምጀምርበት ጉልበት የለኝም።"

አብራር ነገሩን አሰላው። አርባ ሰባትን ካጸና ኢየሩ ትሄዳለች፤ በዱጉማ ብቻ ደግሞ ጨዋታ የለም፣ ቅዳሜም የለችም። አርባ ሰባትን ከሻረ ይገዙ የሞተው በከንቱ ነው፤ ያንን ለቤዛብሕ የሚነግረው በምን አፉ ነው? እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ደብተሩን ገልጦ መልሶ ዘጋው።

አባቱ ጋሽ ኑሪ ብርድ ልብስ ሊያወርዱ መጋዘኑ ገብተው ኖሮ ክርክሩን ከመደርደሪያው ሥር ቆመው ሰምተውታል። ጋሽ ኑሪ በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ የተጣላ ጎረቤት ሁሉ እሳቸው ሱቅ ገብቶ ታርቆ ነው የሚወጣው።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ" አሉና ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

አብራር ጉዳዩን አስረዳ። አባቱ ይስቃሉ ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እሳቸው ግን የአጥር ክርክር እንደሚሰሙ ሆነው አዳመጡት።

"በዚህ ፍርድ መጀመሪያ የተጎዳው ቤዛብሕ ነው" አሉ። "የታለ?"

"ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ አለበት፣ አባ።"

"እሱ ነው የነገረህ?"

ልምምዱን የፈጠረው ራሱ አብራር ነው፤ ቤዛብሕ ቸርች ሲዘምር ስለሚያውቅ ለሚጠይቀው ሁሉ እንደዚያ ማለት ቀሎት ነበር።

"ተበዳይ በሌለበት አይፈረድም" አሉ ጋሽ ኑሪና ስልካቸውን አወጡ። "ቤዛብሕ፣ ልጄ፣ ኑሪ ነኝ። እስቲ ሱቅ ድረስ ብቅ በል።"

ቤዛብሕ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እያለከለከ ደረሰ። "ጋሽ ኑሪ፣ ምነው፣ አመመዎት?" አለ ገና ከበሩ። ደህና መሆናቸውን ሲያይ ነው ሌሎቹን ያያቸው። ጋሽ ኑሪ ከተጠቀለሉት ምንጣፎች አንዱ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡት፣ የተጠራበትንም ነገሩት።

"አሁን አንተ ተናገር" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "የዚህን ልጅ ሰው ለምን ገደልክበት?"

"አባ፣ መጽሐፉ እዚያ ቦታ ላይ ዝም ስላለ..."

"መጽሐፉ ዝም ካለ የገደለው መጽሐፉ አይደለማ።"

አብራር ስልሳ ሦስት ውሳኔ የሰጠ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይገዙ በሞተበት ቀን ቤዛብሕ በሰው ፊት ሦስት ጊዜ አርሞት ነበር፤ ገጹን ተሳስተሃል፣ ቁጥሩን ተሳስተሃል፣ ዙሩን ተሳስተሃል እያለ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበር። ይገዙ ሲወድቅ አብራር የተሰማው ሐዘን ሳይሆን ደስታ ነበር፤ የኢየሩ ምስክርነት ደግሞ ሰበብ ሆነለት።

"ተናድጄብህ ነበር" አለ ወለሉን እያየ። "ስላረምከኝ። ለሕጉ ብዬ አይደለም።" ሲናገረው ምን ያህል ትንሽ ሰው እንደሆነ ለራሱም ታወቀው፤ አፈረ።

"አውቄዋለሁ" አለ ቤዛብሕ። "ገና መነጽርህን ስታወልቅ።"

ጋሽ ኑሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ የዚች ልጅ ነገር በእጅህ ነው፣ ቤዛብሕ። አንተ ያልከው ይሆናል።"

ኢየሩ ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ቤዛብሕ ግን ሕግ አልጠየቀም፣ መጽሐፍም አልገለጠም።

"ትጠጣ" አለ።

አብራር አምስት ወር ያቃተው ነገር በአንድ ቃል አለቀ። እፎይታው ደርሶ ቸር አደረገውና ብዕሩን አነሳ። "ይገዙም ይነሳል። ውሳኔው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አደርገዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ..."

"ተወው፣ እሱ ሞቷል" አለ ቤዛብሕ ፈገግ ብሎ። "እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰው የሞተብኝ ሰው እኮ ነኝ። ሃያ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ አንዳችሁም እንኳ ለቅሶ አልደረሳችሁኝም።"

በቀልድ ነበር ያመጣው። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረና ቀልድ መሆኑ ቀረ። አብራር ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቶ የቤዛብሕን ስም አይቶ መልሶ እንዳስቀመጠ ትዝ አለው፤ ይቆጣኛል ብሎ ነበር። አለመደወሉ ከግድያው ይልቅ የከፋ መሆኑ አሁን ገና ገባው።

ተነስቶ ሄደና ምንጣፉ ላይ ከቤዛብሕ ጎን ተቀመጠ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው። ሲጀምረው ግማሽ ልቡ እየቀለደ ነበር፤ ሲጨርሰው አልነበረም።

"አሜን" አለ ቤዛብሕ።

ኢየሩና ዱጉማም መጥተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ በተራ ያጽናህ ብለው ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ኑሪ ያንን ብርድ ልብስ ከጭናቸው ወደ ጎን አደረጉና ወደ ቤዛብሕ ጠጋ አሉ።

"እኔ አላውቀውም" አሉ። "ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ፈሪ ነበር፣ ጋሽ ኑሪ። እንደኔ" አለ ቤዛብሕ። "ግን ጓደኞቹን ጥሎ የሄደበት ቀን አልነበረም።"