ያልተፈታው ጎሚስታ

ደጋጋ ከታክሲ ቸርኬ ላይ ጎማ እየፈለቀቀ ሳለ፣ ካሳንቺስ ካለችው ጠባብ ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ጥላ ቆሞ አልነቃነቅ አለ። ቀና አለ። ያመነኮሱት አባ ገብረዋህድ ናቸው። ገዳሙን ጥሎ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው።

«አባ ወልደ ሥላሴ» አሉት፣ በገዳም ስሙ።

«እንደዚያ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

«ሲመነኩስ ፍትሐት ደግሜ የገነዝኩትን ልጅ አጣዋለሁ?»

ደጋጋ ብረቱን ወረወረው። «ሰባት ዓመት ከገደል ሥር ውሃ ተሸከምኩ። በቀን አንዴ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ። ትኩሳት ሲጥለኝ እንኳ ‹ስግደት ጨምር› ነው ያሉኝ። በቃኝ!»

«እሑድ ቂርቆስ በተክሊል ልታገባ ነው አሉ። መነኩሴ ተክሊል አይደፋም። ለቄሱ ትነግራለህ ወይስ ልንገር?»

እጮኛው እጸገነት ምንም አታውቅም። ያን ሰባት ዓመት ሁመራ እርሻ ላይ ነበርኩ ብሏታል። አሁን ደግሞ አብረው ቄሱ ዘንድ ሊሄዱ ቀጥረዋል፤ ወዲያው መጣች።

«ደጉዬ፣ አልጨረስክም? እንግዳ አለህ እንዴ?»

«ለማኝ ነው» አለ ደጋጋ። «ውጣ! ውጣልኝ ብያለሁ!»

«ኧረ ነውር ነው! ሽማግሌ አባት!»

በገዳሙ ሥርዓት የተሰደበ መልስ አይሰጥም፤ ከሰዳቢው እግር ሥር ይወድቃል። አባ ገብረዋህድ ዘይት በጠጣው ሲሚንቶ ላይ ተደፉና «ይፍቱኝ» አሉ። ትሕትና አልነበረም። ስንቱን ወጣት በዚህ እንደሰበሩ ደጋጋ ያውቃል።

ግን አባት ወድቆ ልጅ አይቆምም። ጉልበቱ ሳያማክረው ታጠፈ። ግንባሩ ወለሉን ሲነካ አፉ «ይፍቱኝ አባቴ» አለ።

እጸገነት የቂርቆስ ደብር ልጅ ናት። መነኮሳት እንዴት እንደሚታረቁ ስታይ ነው ያደገችው።

«ሁመራ ነበርኩ አልከኝ።»

«እጹ፣ ማለቴ...»

«እኚህ ናቸው ያመነኮሱህ?»

ደጋጋ ግንባሩን ከወለሉ አላነሣም።

«ለቄሱ እኔው ነኝ የምነግራቸው። እናንተ እዚያው ተሰጋገዱ!» ብላ ወደ ቂርቆስ ወረደች።

አባ ገብረዋህድ ቀድመው ተነሡ። ቀሚሳቸውን እያራገፉ «ወደ ገዳሙ እንሂድ፤ የፍቼ መኪና ሳይሞላ» አሉት።

«አልሄድም» አለ ደጋጋ። ከተደፋበት ግን አልተነሣም፤ ገና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው አልፈቱትም።